ሰዓታችሁ 178 ሲላችሁ

ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳር ውስጥ ለጠዋት ሯጮች ስለ ልብ ምት ያደረግሁት ንግግር ነው። ያን ቀን ያልተገኙ ወዳጆች ስለጠየቁኝ ወደ ወረቀት መለስሁት። ከአዳራሹ የተነሡትን ጥያቄዎችም እንዳስታወስኋቸው አስገብቻለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። የቅዳሜ ጠዋታችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

በአንድ ልጅ ልጀምር። ጥር ላይ ነው፤ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለው የሐይቁ ዳር መንገድ ልጆች እያሟሟቅሁ ቆሜያለሁ። አንድ ወጣት ከጓደኛው ጋር እየሮጠ መጣና አጠገቤ ቀጥ አለ። ፊቱ ገርጥቷል። «ጋሼ፣ ልቤን አሞኛል መሰለኝ» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ሰዓቱ 178 ይላል። «ደክሞህ ነበር?» አልሁት። «ኧረ ምንም! እያወራን ነበር የምንሮጠው። ሰዓቱን ሳየው ነው የደነገጥሁት» አለኝ።

የእጁን አንጓ ያዝሁ። ሁለት ጣቴን ከአውራ ጣቱ በታች አሳርፌ 15 ሰከንድ ቆጠርሁ፤ 33 መጣ። በአራት ሲባዛ 132 ነው። ቆም ብሎ ስለነበር ሲሮጥ ምናልባት 140 ገደማ ሊሆን ይችላል። ታዲያ 178 ከየት መጣ? «እስቲ በዚያው ፍጥነት እንደገና ሩጥልኝ» አልሁትና ጎን ለጎን እየሮጥሁ ቀኝ እግሩ መሬት የሚነካበትን ቆጠርሁ። በ30 ሰከንድ 44 ጊዜ ነው። ሁለቱም እግሮች ሲደመሩ 88፣ በደቂቃ 176። ሰዓቱ ሲቆጥር የቆየው የልጁን እርምጃ ነበር።

ያ ልጅ ያን ቀን ሐኪም ቤት ሊሄድ ነበር። ሌላው ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ ሩጫውን ጨርሶ ይተዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ፦ ልቡ በእውነት እየጮኸበት «ሰዓት ነው፣ ይሳሳታል» ብሎ የሚያልፍ ሰው። እኔ ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ለመለመን ነው። የልብ ምትን ቁጥር ብቻውን አታንብቡት። ምን እንደቆጠረው፣ የማን ልብ እንደሆነ፣ ያ ሰው ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ ሳታውቁ 178 ቢሆን 118 የሚነግራችሁ ነገር የለም።

መሣሪያውን እንይ። አንጓችን ላይ የምናስረው ሰዓት የልብን ድምፅ አይሰማም። ጀርባውን ገልብጣችሁ ብታዩት አረንጓዴ መብራት አለው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር ወደ አንጓችን የሚገባው ደም ለቅጽበት ይበዛል፤ ያን ጊዜ ተመልሶ ወደ ሰዓቱ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ነው የሚቆጥረው። ችግሩ ስንሮጥ እጃችን ይወዛወዛል፤ ሰዓቱ ላላ ብሎ ከታሰረ በየእርምጃው ይዘልላል፤ ዝላዩም እንደ ልብ ምት ያለ ከፍ ዝቅ ይፈጥራል። የብዙ ሯጭ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሆነ ውሸቱ እውነት ይመስላል። ጥቁር ቆዳም ከብርሃኑ ከፊሉን ስለሚውጥ ምልክቱን ሊያዳክመው ይችላል። የበለጠ የሚያስቸግረው ግን እንቅስቃሴው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአንጓ አጥንቱ አንድ ሁለት ጣት ያህል ወደ ክንድ ከፍ አድርጉት፣ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ስትጨርሱ ፈታ አድርጉት።

የደረት ቀበቶ ያላችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች አይቻለሁ። እሱ የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ነው፤ ሐኪም ቤት በኢሲጂ የሚነበበውን ማለት ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ በ1977 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያለ ሽቦ የሚሠራ መለኪያ ለስፖርተኛ ካቀረበ ወዲህ ይህ ቀበቶ ከሐኪም ቤት ውጭ ካሉት መለኪያዎች ሁሉ የሚታመነው ነው። ግን ደረቅ ቆዳ ላይ አይሠራም። ሰውነታችሁን የሚነካውን ክፍል በውሃ አርጥቡት። ካልረጠበ ላብ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የማይሆን ቁጥር ይሰጣችኋል።

ሰዓትም ቀበቶም የሌላችሁ አትዘኑ። እኔ ሃያ ዓመት በሁለት ጣት ነው የሠራሁት። አመልካችና መካከለኛ ጣት፤ አውራ ጣት አይሆንም፣ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታችኋል። አንገት ላይ የምትቆጥሩ ደግሞ አትጫኑት፤ እዚያ ያለው የደም ሥር ሲጫን ራሱ የልብን ምት ዝቅ ያደርጋል። ከሩጫ በኋላ ከሆነ እንደቆማችሁ ወዲያውኑ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ። እስክትቀመጡ፣ እስክታወሩ ከቆያችሁ የምታገኙት የዕረፍቱን ነው፤ ልብ ቶሎ ነው የሚወርደው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። «ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ ከዚያ ካለፍህ አደጋ ነው» የሚባለውን ያልሰማ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ማንም የለም። ይህ ቀመር በ1971 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ፎክስና ዊልያም ሃስክል የሚባሉ ተመራማሪዎች በነበሩበት ሥራ የወጣ ነው። ከተለያዩ ጥናቶች በተሰበሰቡ ነጥቦች መካከል የተሰመረች የአማካይ መስመር ናት። የማንንም ግለሰብ ጣሪያ፣ ማለትም ልቡ የሚደርስበትን ከፍተኛ ምት፣ እንድትወስን አልታሰበችም። በ2001 እ.ኤ.አ. ሂሮፉሚ ታናካና ባልደረቦቹ 351 ጥናቶችን፣ 18,712 ሰዎችን አጠቃለው ሌላ ቀመር አወጡ፦ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ። ዕድሜው 40 ለሆነ ሰው ሁለቱም 180 ይሰጣሉ። ለ60 ዓመቱ ሰው ግን አሮጌው 160፣ አዲሱ 166 ይላል። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች በአሮጌው ቀመር ሳያስፈልግ ስትሰጉ ኖራችኋል።

አዲሱም ቢሆን አማካይ ነው። በአንድ ዕድሜ ካሉ ጤነኛ ሰዎች ብዙዎቹ ከቀመሩ 10 ወይም 12 ምት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ናቸው፤ ከዚያም የሚርቁ አሉ። እኔ ካሠለጠንኋቸው መካከል በ35 ዓመታቸው 200ን የሚነኩ አሉ፣ 172 ላይ የሚያበቃላቸውም አሉ። 172ቱ 200ውን ይቀድመዋል። ጣሪያው ከፍ ማለቱ ጉልበት አይደለም፤ እንደ ቁመት አብሮን የሚወለድ ነገር ነው። ስለዚህ «የአንተ ስንት መጣ?» እየተባባላችሁ ሰዓት አታወዳድሩ። ሁለት ሰዎች እኩል እየሮጡ አንዱ 138 ሌላው 160 ቢያሳይ 160ው ተሸንፏል ማለት አይደለም።

ዝቅተኛውስ? ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ትረጫለች። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር የምትረጭ ልብ 70 ጊዜ መምታት አለባት። በልምምድ ሰፍታ 100 ሚሊ ሊትር የምትረጨው 50 ጊዜ ይበቃታል። ለዚህ ነው ረጅም ዓመት የሮጠ ሰው ጠዋት ሲነሣ 45 ወይም 50 የሚያሳየው። እያዞረው፣ እየደከመው ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ይታይ።

የአማካይ ቀመር ለመጠቀም ከፈለጋችሁ ይህን የዕረፍት ምት ጨምሩበት። ፊንላንዳዊው ማርቲ ካርቮነን በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳየው መንገድ ነው። ጣሪያችሁ 180፣ የዕረፍት ምታችሁ 60 ቢሆን በመካከል 120 አለ። የ120ን 60 በመቶ ማለትም 72ን በ60 ላይ ስትደምሩ 132፤ 70 በመቶውን ማለትም 84ን ስትደምሩ 144። እንግዲህ ቀላል ሩጫችሁ ከ132 እስከ 144 ይሆናል። ይህ ቢያንስ የእናንተን ልብ ይጠይቃል።

ቁጥሩ በታየበት ቀን ሁኔታ ላይ ልቆይ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ባልደረባችን በጢስ ዓባይ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሣ። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ነው፤ አላጓደለም፣ አላፈጠነም። በመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች 138 ነበር። 15ኛው ላይ 156 ሆነ። ደውሎ «አቅሜ ወድቋል፣ ልምምዱ እየጎዳኝ ነው» አለኝ። አቅሙ አልወደቀም፤ ፀሐይ ወጥታበታለች። ሰውነት ሲሞቅ ደሙን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይልከዋል። ላብ ሲወጣ ደግሞ የደሙ ውሃ ራሱ ይቀንሳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨውም ያንሳል፤ ጡንቻ ግን የሚፈልገውን አልቀነሰም። ስለዚህ ልብ ቁጥሩን ትጨምራለች። ከአንድ ሰዓት በላይ በሆነ ሩጫ፣ በሙቀት፣ 10 ወይም 20 ምት እየተንሸራተተ መውጣቱ የተለመደ ነው። የሐይቁ እርጥበት ሲጨመርበት ላብ ቶሎ አይተንም፤ ይብሳል።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ሳልናገር ባልፍ እናንተን አላውቃችሁም ማለት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም በአብዛኛው ባሕር ዳር በምትሞቅበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ብዙዎቻችሁ እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም ሳትቀምሱ ትቆያላችሁ፤ በረመዳንም እንዲሁ ቀኑን ሙሉ የምትጾሙ አላችሁ። በጠዋት ሮጦ፣ ላቡን አፍስሶ፣ ከዚያ ስምንት ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ለማግስቱም የሚተርፍ ጉዳት ነው። በማግስቱ ጠዋት የልባችሁ ምት ከፍ ብሎ የምታገኙት በዚህ ነው። ጾማችሁን ተዉ አልልም፤ አልችልምም። ሰዓቱን ግን ለውጡት። በ9 ሰዓት ቀምሳችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ፀሐዩ ሲበርድ በ11 ሰዓት ተኩል ብትሮጡ ይሻላል። የረመዳን ጾመኞችም ካፈጠራችሁ በኋላ። በእነዚያ ሳምንታት ፍጥነትን አትከተሉ፤ ምቱን ጠብቁና ፍጥነቱ የፈለገውን ይሁን።

ስለ ከፍታ አጭር ነገር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። እኛ ለምደነዋል። ለውድድር ደብረ ታቦር ስትወጡ ግን በዚያው ፍጥነት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ አትደናገጡ። ቤዛዊት ዳገት ላይም እንዲሁ፣ ከሐይቁ ዳር ቀስ ብላችሁ እየወጣችሁ እንኳ 25 ምት ሊጨምር ይችላል። ብስክሌተኞች ደግሞ ከሩጫ ያነሰ ቁጥር ነው የምታገኙት፤ ኮርቻው ሰውነታችሁን ተሸክሞላችኋል። በተቃራኒው የታንኳ ሰዎችን ተመልከቱ። ደንገል ታንኳ በክንድ ሲቀዘፍ፣ በእኩል ሥራ የክንድ ጡንቻ ልብን ከእግር የበለጠ ያስመታታል። የሩጫ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ታንኳ አትሂዱ።

አሁን ልቤን የሚነካው ጉዳይ ላይ ደረስሁ።

አንዲት ልጅ አሠለጥን ነበር። በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትነሣ ትርታዋን ቆጥራ ደብተር ላይ ትጽፋለች። 52፣ 53፣ 52፣ 54፤ ለወራት እንዲህ ነበር። በጥቅምት አንድ ጠዋት 66 ጻፈች። አየሁት። «ደኅና ነሽ?» አልኋት። «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ራሴን ነው» አለችኝ። ስታዲየም ኢንተርቫል (በፍጥነት እየሮጡ በመካከል የሚያርፉበት ልምምድ) ነበረን፣ ውድድሩ ቀርቧል፣ አሮጥኋት። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሯ አልታዘዝ አለ። ማታ ተንቀጠቀጠች። ደሟ ሲመረመር ወባ ነው። ከዚያ ለመዳን የወሰደባት ጊዜ ውድድሩን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን በላው። ደብተሩ ነግሮኝ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኛ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በግምት 10 ይጨምራል፤ አንዳንዴም ሰውየው ትኩሳቱን ሳያስተውል ጠዋት ላይ ቁጥሩ ቀድሞ ይታያል። ስለዚህ የጠዋት ምታችሁ ከለመዳችሁት በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ ያን ቀን ከባድ ልምምድ የለም። እንቅልፍ አጥታችሁ ይሆናል፣ ትናንት አብዝታችሁ ይሆናል፣ ለቅሶ ቤት አምሽታችሁ ይሆናል። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት ግን ጫማችሁን አስቀምጡና ደማችሁን ተመርመሩ።

ከአዳራሹ አንዲት ነርስ እጇን አወጣች፤ ያነሣችው ትልቅ ነገር ነው። «ታይፎይድስ?» አለች። ልክ ናት። በታይፎይድ ትኩሳቱ 39 ደርሶ ትርታው የሚጠበቀውን ያህል ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ምታችሁ የተለመደው ሆኖ ሰውነታችሁ ካተኮሰ ቁጥሩን ይዛችሁ አትጽናኑ። የታመመውን ሰውነት እመኑት።

የጠዋቱ ቆጠራ እንዲረዳችሁ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይሁን። እንደነቃችሁ፣ ሳትነሡ፣ ከቡና በፊት። አንድ ቀን ብቻውን አይናገርም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጻፉና የራሳችሁን መደበኛ እወቁ።

ወጣቶች ስለ ፍጥነት ጠይቃችሁኛል። ኖርዌይ የሚኖረው አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር የትልልቅ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ቀላል ሆኖ አገኘው። የእኛ ሯጮች ይህን ያለ ወረቀት ያውቁታል። ጫካ ገብተው፣ ተከታትለው፣ በዝግታ ሲዞሩ ያየ የውጭ ሰው «እነዚህ ናቸው ዓለምን የሚያሸንፉት?» ብሎ ይገረማል። ልብ የምትሰፋው፣ ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚበዙት በዚያ ዝግታ ነው። እዚህ የማየው ግን ሌላ ነው። ቀላል በተባለው ቀን አንዱ አንዱን ለመቅደም ይሮጣል፣ ከባድ በተባለው ቀን ደግሞ ደክሞት አይሮጥም። ሁሉም ቀን መካከለኛ ይሆናል። ለዚህ ሰዓቱ ጥሩ ልጓም ነው፤ ከ144 አትለፍ ካልሁት ጓደኛው ጥሎት ሲሄድ የሚይዘው ነገር አገኘ። ሰዓት የሌለው ይናገር። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ ከተናገረ ቀላል ነው። ሦስት ቃል ተናግሮ ከተነፈሰ ቀላል አይደለም።

በ200 ሜትር ኢንተርቫል ላይ ግን ቁጥሩን ተዉት። ልብ ሥራውን ለመከተል ጊዜ ይፈጅባታል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል እናንተ ጨርሳችኋል።

አንድ አባት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ «ምንም ብሮጥ ከ115 አያልፍም፤ ልቤ ሰነፈች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ያሳዩኝ አልኋቸው፤ አቴኖሎል ነው። እሱና እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት ሥራቸው የልብን ምት መያዝ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ቀመር የሚባል ነገር የለም። በትንፋሽዎና በንግግርዎ ይለኩ፤ መድኃኒቱን ደግሞ ከሐኪምዎ ጋር ሳይመክሩ እንዳያቋርጡ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከኋላ የተቀመጠች እናት ነበረች። ሯጭ አይደለችም፤ 14 ዓመት የሆናት ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ሩጫ ሲባል ከሌሎቹ ቀድማ ትቆማለች፣ ደረቷ ላይ ልቧ ሲደልቅ በዓይን ይታያል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። «በሩጫ ትጠንክር ብዬ ላመጣልህ ነበር» አለችኝ። ቶንሲል ያማት እንደነበር ጠየቅኋት። ሕፃን ሳለች በየጊዜው ያማት ነበር፤ ከዚያም ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እያበጠ ያስቸግራት እንደነበር ነገረችኝ። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ይህን ስሙ። በደንብ ያልታከመ የባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም በልጆች ላይ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ የልብን በሮች ያጠቃል፤ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳ የልብ በሽታ ነው። የጠበበ የልብ በር ያላትን ልጅ ማሮጥ ማጠንከር አይደለም። ሐኪም በማዳመጫ ይሰማዋል፣ በኢኮ አልትራሳውንድ ያየዋል፤ ቀድሞ ከታወቀ በየወሩ በሚሰጥ ፔኒሲሊን እንዳይብስ መከላከል ይቻላል።

እናቲቱን ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ አገኘኋት። ነርሷም አጠገቧ ቆማ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምትጠይቅ በወረቀት እየጻፈችላት ነበር። ሰኞ ጠዋት ልጇን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ እንደምትወስዳት ነገረችኝ።